ከለገሃር እስከ ድሬዳዋ፦ አውሮፕላን፣ ባቡር ወይስ ባስ?

ባለፈው ቅዳሜ ለገሃር፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ አጠገብ አንዲት የጀበና ቡና ቤት ተቀምጬ ስልኬን እጎረጉራለሁ። አክስቴ ድሬዳዋ ናት። ልጇን ልትድር ነው። መቅረት የሚባል ነገር የለም። የሁለት አየር ማረፊያዎችን ርቀት የሚያሰላ ገጽ ከፍቼ ቦሌንና ድሬዳዋን አስገባሁ። 343 ኪሎ ሜትር፣ 56 ደቂቃ አለኝ።

«56 ደቂቃ!» ሳላስበው ድምፄ ከፍ አለ።

አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ቀና አሉ። ዕድሜያቸውን ምድር ባቡር ውስጥ የፈጁ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡም በኋላ ከዚህ ሰፈር መራቅ አልሆነላቸውም።

«ወዴት ነው ልጄ?»

«ድሬ ነው ጋሼ። በአውሮፕላን 56 ደቂቃ ነው ይለኛል።»

«እሱ የአውሮፕላኑ ነው» አሉ ሲኒያቸውን እያስቀመጡ። «አንተስ በስንት ትደርሳለህ?»

መልስ አጣሁ። ከቦርሳዬ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣሁ።

ቁጥሩ ከየት መጣ?

343 ኪሎ ሜትር ትክክል ነው። ሉል ላይ አንድ ክር ከቦሌ እስከ ድሬዳዋው አባ ጠና ደጃዝማች ይልማ አየር ማረፊያ ብትወጥሩ የምታገኙት ልክ ነው። ተራራ የለውም፣ ኩርባ የለውም፣ ኬላ የለውም። በመንገድ ግን ይኸው ጉዞ 515 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። አንድ ተኩል እጥፍ ማለት ነው።

56 ደቂቃው ግን የተለካ ሳይሆን የተሰላ ነው። ብዙዎቹ ማስሊያዎች ቀለል ያለ ቀመር አላቸው። ርቀቱን በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ለሚበር ጄት ያካፍሉታል። ለመነሳትና ለማረፍ ደግሞ 30 ደቂቃ ይደርቡበታል። 343 ለ800 ሲካፈል 26 ደቂቃ ይወጣዋል፤ 30 ሲጨመር 56። አለቀ። ወደ ክልል ከተሞች ብዙ ጊዜ የሚበረው ኪው 400 ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን ነው። ፍጥነቱ ቢበዛ በሰዓት 667 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ቢሆንም ልዩነቱ የደቂቃዎች ስለሆነ ማንንም አይጎዳም። ትኬት ላይ የሚጻፈው 1 ሰዓት ገደማ ነው። እሱ ደግሞ አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ቅጽበት ጀምሮ፣ ደርሶ ቀጥ እስኪል ያለውን ይቆጥራል። መንደርደሪያው ጫፍ ላይ ወረፋ የሚጠብቅበትም እዚያው ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ያቺ 30 ደቂቃ አትቀንስም። ቅርብ ሄዳችሁ ሩቅ፣ መነሳትና ማረፍ ያው ነው። በዚሁ ቀመር ሐዋሳ በአየር 212 ኪሎ ሜትር ናት፣ 46 ደቂቃ። ጋምቤላ 475 ኪሎ ሜትር ናት፣ 66 ደቂቃ። ርቀቱ ከእጥፍ በላይ ጨመረ፤ ጊዜው ግን በ20 ደቂቃ ብቻ። ስለዚህ አውሮፕላን የሚያዋጣው ሩቅ ሲሄዱበት ነው። ቅርብ ሲሆን ጊዜያችሁን የሚበላው በረራው ሳይሆን ዙሪያው ያለው ነገር ነው።

ዙሪያው ያለው ነገር

ድሮ መሀል ከተማ ለሚኖር ሰው ሁሉም ቅርብ ነበር። ባቡሩ ለገሃር፣ አውሮፕላኑ ልደታ። አዎ፣ ልደታ። አየር መንገዱ እ.ኤ.አ. በ1946 ሥራ ሲጀምር መነሻው እዚያ ነበር። የጄት ዘመን ሲመጣ ሜዳው አልበቃ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሁሉም ነገር ወደ ቦሌ ሄደ። ባቡሩም በተራው ወደ ለቡ ርቋል። መሀል የቀረው ባሱ ብቻ ነው፤ መስቀል አደባባይ።

አሁን ከለገሃር ተነስተን አክስቴ በር ድረስ እንቁጠር።

አውሮፕላን፦ ከለገሃር ቦሌ በማለዳ ራይድ ብትጠሩ 15 ደቂቃ ይበቃል። ሰው ከሥራ ሲወጣ ግን መስቀል አደባባይን አልፎ ቦሌ መንገድ ላይ መውጣቱ ብቻ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። አማካዩን 30 ደቂቃ እንበል። ቀላል ባቡሩ አየር ማረፊያ አይደርስም፤ እሱን እርሱት። ከበረራው 2 ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። «ለሀገር ውስጥ ምን ያህል ያስቸኩላል?» የምትሉ አላችሁ፤ በሩ ላይ ያለውን ፍተሻ እያወቃችሁት። ጫማ ይወልቃል፣ ቀበቶ ይፈታል፣ ሻንጣ ይተኛል። ገብታችሁ ቦርዲንግ ፓስ ከያዛችሁ በኋላ እንደገና ጫማ ይወልቃል። ከዚያ 1 ሰዓት በረራ። ሻንጣ ለመጠበቅና ለመውጣት 30 ደቂቃ። ድሬ አየር ማረፊያው ለከተማው ቅርብ ስለሆነ ባጃጅ በ15 ደቂቃ ያደርሳችኋል። ድምሩ 4 ሰዓት ከ15።

እስቲ 343ን ለ4 ሰዓት ከሩብ አካፍሉት። በሰዓት 81 ኪሎ ሜትር። የአዲስ አዳማ ፍጥነት መንገድ ላይ የሚሄድ አንድ ደህና ቪትዝ ይቀድመዋል። ይህን ለጋሼ ሳሳያቸው ሳቃቸውን መግታት አቃታቸው።

ባስ፦ ትልልቆቹ ባሶች መስቀል አደባባይ የሚነሱት ገና ሳይነጋ ነው። ለለገሃር ሰው በእግር ይደረሳል፤ ጨለማ ስለሆነ ግን ብቻችሁን አትሂዱ። ቢሾፍቱ፣ አዳማ፣ መተሐራ፣ አዋሽ። እስከ አዋሽ ድረስ መንገዱ ሜዳ ነው፣ ትተኛላችሁ። አዋሽ ኬላ ላይ ትነቃላችሁ። ሲሄዱ ፍተሻው ቀለል ይላል፤ ሲመለሱ ነው ጉዱ። ከሚኤሶ በኋላ የጨርጨር ተራራ ይጀምራል። አሰበ ተፈሪ፣ ሂርና፣ ቁልቢ። እዚህ መንገድ ላይ የጫት አይሱዙ ከፊት ሲመጣ ሾፌሩም ተሳፋሪውም ትንፋሹን ይይዛል። በመጨረሻ ደንገጎ። ደንገጎ ላይ ሹራብ ያስፈልጋል። ቁልቁለቱን ጨርሳችሁ ድሬ ስትገቡ ሹራቡ የት ይደረግ የሚያሰኝ ሙቀት ይቀበላችኋል። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፎ የተቀመጠ ነው፤ ድሬ ግማሹን ገደማ ናት። አውሮፕላን ውስጥ ይህን ጆሯችሁ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ሁሉ ነገር ከሰመረ ከቤት እስከ ቤት 11 ሰዓት ይፈጃል። ካልሰመረ አይነገርም። አንድ ጊዜ ሂርና አካባቢ ጎማ ፈንድቶብን 2 ሰዓት መንገድ ዳር ተቀምጠናል። አንዲት እናት ለልጆቿ የያዘችውን አምባሻ ለባሱ ሁሉ ቆርሳ አደለችን። ለዚያ አምባሻ ስል ጎማው መፈንዳቱን ይቅር ብያለሁ።

ባቡር፦ ጋሼን ስለ ባቡር መጠየቅ አልነበረብኝም። ግማሽ ሰዓት ሄደ። በአጭሩ ይኸውላችሁ። የድሮው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ዛሬ ድሬዳዋ ያለችበት ቦታ ደረሰ። ሐረር ተራራ ላይ ስለሆነች ባቡሩን ወደዚያ ማውጣት ከበደ፤ በዚህ ምክንያት ከሥሯ ድሬ ተቆረቆረች። አዲስ አበባ የገባው 15 ዓመት ቆይቶ፣ በ1917 ነው። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2016 ተመረቀ፤ የንግድ ሥራ በ2018 ጀመረ። እስከ ጅቡቲ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል።

ባቡሩ ምቹ ነው። እግር ይዘረጋል፣ ተነስቶ ይዞራል፣ መስኮቱ ትልቅ ነው። ችግሩ ሁለቱም ጫፎቹ ሩቅ መሆናቸው ነው። ከለገሃር ለቡ 45 ደቂቃ ያዙ። ቀድሞ መድረስና ፍተሻ 1 ሰዓት። ጉዞው 7 ሰዓት አካባቢ፤ ግመል ወይም ከብት ሐዲድ ላይ ከተኛ ደግሞ ከዚያ በላይ። የድሬም አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ነው፤ እስከ ከዚራ ሰፈር ሌላ ግማሽ ሰዓት። ድምሩ 9 ሰዓት ከሩብ ያህል። ደግሞ ባሻችሁ ቀን አታገኙትም። የመነሻ ቀኑን ሳትጠይቁ ሻንጣ አትሸክፉ።

«የኛው ባቡር ግን መሀል ከተማ ነበር የሚያወርድህ» አሉ ጋሼ። «ወርደህ፣ መንገዱን ተሻግረህ፣ ቡናህን ትጠጣለህ። እዚህ ጋ።» በጣታቸው ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉት።

ታዲያ የቱ ይሻላል?

ዋጋ እዚህ አልጽፍም። የዛሬው ነገ ይቀየራል። በምትኩ እኔ የምጠቀምበትን ዘዴ ልንገራችሁ። የአውሮፕላኑን ትኬት ዋጋ ያዙ፤ የራይዱንም ደምሩበት። የባሱን ቀንሱ። የቀረውን ለ7 አካፍሉ። ምክንያቱም አውሮፕላን ከባስ ይልቅ የሚያተርፍላችሁ 7 ሰዓት ያህል ነው። የወጣው ቁጥር ለአንድ ሰዓት የምትከፍሉት ነው። በሰዓት ከምታገኙት ገቢ በታች ከሆነ ብረሩ። በላይ ከሆነ ግን ቆም ብላችሁ አስቡ፤ ባሱ ላይ መተኛት ነፃ ነው።

ይህ ቀመር የማይሠራበት ጊዜ አለ። ለቅሶ ከሆነ ሒሳብ የለም፤ በተገኘው ይኬዳል። ትንንሽ ልጆች ወይም የታመመ ሰው ይዛችሁ ከሆነም አውሮፕላን ነው። የጨርጨር ኩርባ ለሚያስመልሰው ሰውም ባስ አልመክርም። አራት አምስት ሆናችሁ የምትሄዱ ከሆነ በተቃራኒው ነው፤ የትኬቱ ልዩነት በአምስት ሲባዛ በሬ ይገዛል ባይባልም በግ አያጣም።

ቀን መምረጥም አለ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 የቁልቢ ገብርኤል ነው። በእነዚያ ቀናት ዙሪያ አውሮፕላኑም ባሱም ይሞላል፣ መንገዱም ይጨናነቃል። ስለት ከሌላችሁ ጉዞውን ቀደም ወይም ዘግየት አድርጉት። በመኪና የሚሄድ ሰው ደግሞ ከመነሳቱ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን እዚያው ላለ ሰው ደውሎ ይጠይቅ። ይህን ዛሬ ያልጠየቀ ሰው አላውቅም።

ሌሎቹ ከተሞች በፍጥነት

ሐዋሳ ከሆነ አትብረሩ። በመንገድ 275 ኪሎ ሜትር ናት፤ ከ4 እስከ 5 ሰዓት። በአውሮፕላን ዋናው በረራ 46 ደቂቃ ቢሆንም ፍተሻው፣ መጠበቁና አየር ማረፊያው ከከተማው መራቁ ሲደመር ያው 4 ሰዓት ይሞላል። ዝዋይ ላይ ወርዶ ዓሣ መብላትም አውሮፕላን ውስጥ የለም። አንድ ሰው ብቻ ይለያል፤ ከውጭ አገር መጥቶ ቦሌ የወረደ መንገደኛ። እሱ አየር ማረፊያው ውስጥ ነው ያለው፤ እዚያው ይቀጥል።

ጅማ በመሀል ናት። በአየር 262 ኪሎ ሜትር፣ በመንገድ 350 አካባቢ። የጊቤ ቁልቁለትና ዳገት ስላለ በመኪና 6 ወይም 7 ሰዓት ይፈጃል። ጠዋት ስብሰባ ካላችሁ በረራ፣ ከሌላችሁ ባስ።

ባሕር ዳር ላይ ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። ከድሬ ጋር በአየር ርቀት እኩል ናት ማለት ይቻላል፤ 333 ኪሎ ሜትር። በመንገድ ግን 565። የዓባይ በረሃ ነው ምክንያቱ። ከጎሐ ጽዮን ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዱና ድልድዩን ተሻግራችሁ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ትወጣላችሁ። አውሮፕላኑ ይህን ሁሉ በደቂቃዎች ያልፈዋል። የአየሩና የመንገዱ ርቀት እንዲህ ሲራራቅ አውሮፕላን ያሸንፋል። ይህን መለኪያ ለየትኛውም ከተማ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ፤ የመንገዱን ኪሎ ሜትር ለአየሩ አካፍሉ። ሐዋሳ 1.3፣ ድሬ 1.5፣ ባሕር ዳር 1.7።

ጋምቤላና ጅጅጋ ለሚሄድ ሰው ምክር አያስፈልገውም። ይብረር።

ትኬቱን ስታነቡ

ይህን ክፍል የምጽፈው ለአጎቴ ልጅ ነው። ባለፈው ዓመት ድሬ ሊሄድ ትኬት ቆረጠ። ትኬቱ 07:10 ይላል። እሱ ሰባት ሰዓት ከአሥር ብሎ አነበበው፤ ከምሳ በኋላ ማለት ነው። ቤተሰቡን ተሰናብቶ፣ ለአክስቴ የተላከ ድርቆሽና በርበሬ በካርቶን አስሮ፣ ቀን 5 ሰዓት ላይ ቦሌ ተገኘ። ቀድሜ መጣሁ ብሎም ኮርቷል። አውሮፕላኑ ግን ጠዋት 1 ሰዓት ከ10 ሄዷል። ድሬ ደርሶ ሳይመለስ አልቀረም። ካርቶኑን ተሸክሞ ወደ ካዛንቺስ ሲመለስ ያየው ጎረቤት እስከ ዛሬ «ድሬ እንዴት ነበረች?» ይለዋል።

ስለዚህ ትኬት ላይ ያለው ሰዓት የፈረንጅ ነው። ስድስት ቀንሱበት። 07:10 ጠዋት 1:10 ነው። 13:10 ከሰዓት 7:10 ነው። ቀኑም እንደዚያው የፈረንጅ ነው፤ በእኛ ካላንደር ተርጉማችሁ ስልካችሁ ላይ ጻፉት።

ሀገር ውስጥ ሁሉም በአንድ ሰዓት ስለሚሄድ የመድረሻውን ከመነሻው መቀነስ በቂ ነው። ውጭ ስትሄዱ ግን ይህ ያሳስታል። ዱባይ በ1 ሰዓት ትቀድመናለች። ትኬቱ 5 ሰዓት የሚፈጅ ቢመስል እውነቱ 4 ነው፤ ስትመለሱ ደግሞ 3 ሰዓት ብቻ ይመስላል። አሜሪካ የሚሄዱትማ ነገሩን ለብቻው ያውቁታል። ቦሌ ከፍታው ብዙ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ሰው የጫነ አውሮፕላን ለመነሳት ይከብደዋል። በዚያ ላይ ወደ ምዕራብ ነፋሱ ከፊት ነው። ዋሽንግተን ሲኬድ መንገድ ላይ ወርዶ ነዳጅ የሚሞላው፣ ሲመለስ ግን ሳያርፍ ቦሌ የሚደርሰው ለዚህ ነው። አንድ መስመር፣ ያው ኪሎ ሜትር፣ ሁለት የተለያየ ጊዜ።

ወደ ድሬ ስትበሩ ከቻላችሁ በቀኝ በኩል መስኮት ያዙ። ወደ ምሥራቅ ስለሆነ የጨርጨር ተራሮች በዚያ በኩል ይታያሉ። ባሱ ቀኑን ሙሉ የሚታገለው መንገድ ከላይ ሲታይ ክር ይመስላል።

ወረቀቱ ሲሞላ ጋሼ ሦስተኛውን ቡና አዘዙ። «እህ፣ ምን ቆረጥክ?» አሉኝ።

«ስሄድ በአውሮፕላን። ሠርጉ ዋዜማ ላይ እጅ ማገዝ አለብኝ።»

«ስትመለስስ?»

«በባስ።»

ሳቁ። ለምን እንደሆነ ገብቷቸዋል። ከድሬ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው አይተው አያውቁም። «ብርድ ልብሱን ከላይ አታድርገው» አሉኝ። «አዋሽ ላይ መጀመሪያ የሚፈቱት እሱን ነው።»